ሀፊዝ ያልጠየቀው ወሬ

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ሀፊዝ የሚባል ሽማግሌ አለ። ዛሬ አንቱ የማይለው የለም፤ ይህ ነገር ሲጀምር ግን ገና ወጣት ነበርና በዚያው በአንተው እንቀጥል። ሱቁ የገባ ሰው ወገቡ ከመለካቱ በፊት ወሬ ይጠየቃል። ከየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ምን ሰማህ። የሰፈሩ ልጆች “ራዲዮ” እያሉ ይስቁበታል። አይፈረድባቸውም፤ አንድ ጊዜ ሳይጠይቅ ቀርቶ ምን እንዳጣ አያውቁም።

ነገሩ የሆነው በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ ነው። ሀፊዝ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገው ናስር የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ናስር ወታደር ሆኖ ኦጋዴን በረሃ ውስጥ አንድ የጦር ሰፈር ተመድቧል። ሀፊዝ ከስፌት መኪናው ቀና ባለ ቁጥር የሚያስበው እሱን ነው።

ከጠረፍ የሚመጣ ቢላል የሚባል ሶማሌ የግመል ነጋዴ ደግሞ ደንበኛውም ወዳጁም ነበር። በቢላል አገር ደንብ፣ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ወሬ ይጠይቃል፤ እንግዳውም ያየውን የሰማውን ሳይደብቅ ይናገራል። ሳይጠየቁ መዘርገፍ ነውር ነው፤ ተጠይቆ መደበቅ ደግሞ የባሰ ነውር። ሀፊዝ ይህን ስለለመደ ሻይ እንኳ ሳይቀዳ “ወሬ?” ይለው ነበር።

በዚያ ሰኔ ቢላል ለኢድ እንዲሰፋለት የሰጠውን የቤተሰቡን ጨርቅ ሊወስድ መጣ።

“አትስፋው፣ እንዳለ ስጠኝ” አለ።

የሀፊዝ ደም ፈላ። ያን ሁሉ ዓመት ሰፍቶለት፣ ዛሬ የተሻለ ሰፊ አገኘ ማለት ነው? ጨርቁን አጣጥፎ ገፋለት። ሻይ ግን አልከለከለውም፤ እስከዚያ ድረስ አልከፋም። ቢላል ሻዩን ጠጣ፤ ሻዩ አልቆም ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሀፊዝ አንገቱን ደፍቶ መኪናውን ያንቀጫቅጫል፤ ኩርፊያው አፉን ለጉሞታል። በመጨረሻ ቢላል ጨርቁን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ።

በማግስቱ የመቶ አለቃ በቀለ ብቅ አለ። ለጦሩ መረጃ የሚሰበስብ መኮንን ነው፤ ከየሱቁ ወሬ ይለቅማል። እንቅልፍ የሚነሳው ግን ወረቀት የሚበትነው ተማሪ ነበር። የጠረፉን ነገር የሚጠይቀው ለይስሙላ ነው።

“ከበረሃ በኩልስ? ያ ነጋዴ ወዳጅህ ምን ይላል?”

ሀፊዝ የቢላልን ስም መስማት አልፈለገም። “ሰላም ነው፣ ጌታዬ” አለ።

“ሌሎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው” አለ መቶ አለቃው፣ ደስ ብሎት። ከየሱቁ የተለቀመው ሰላም ሁሉ ተጠራቅሞ ወደ በላይ አለቆች ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ የሶማሊያ ታንክ ጠረፉን ጥሶ ገባ። የነናስር ሰፈር ሳያስበው ተከበበ። የናስርን ሬሳ ያየ የለም፤ ሀፊዝ የሰገደለት ጀናዛ በሌለበት ነው።

አገር ሳታውቅ ተያዘች በተባለ ቁጥር ሀፊዝ የሚረግመው እነ በቀለን ነበር። አምና ግን ቢላል ምርኩዙን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ሀፊዝ ዕድሜ ልኩን ያነቀውን አወጣው።

“ታውቅ ነበር አይደል? ናስር እዚያ እንዳለ እያወቅክ ለምን ዝም አልከኝ?”

“የመጣሁት ለዚያ ነበር” አለ ቢላል። “ጨርቁ ሰበብ ነው። የሚዘምቱት ወገኖቼ ናቸው፤ ሳልጠየቅ ብናገር ከዳሁ። ብትጠይቀኝ ግን ደንቡ ያስገድደኛል፤ ማንም አይፈርድብኝም። ሻዩ አልቆ የተቀመጥኩት ‘ወሬ’ እስክትለኝ ነው። ወላሂ፣ ከወጣሁም በኋላ በሩ ላይ ቆሜ ጠብቄሃለሁ።”

ሀፊዝ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ፣ እንደ ድሮው ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

“ወሬ?” አለው።

ቢላልም ደንቡን ጠብቆ የዚያን ሰኔ ወሬ ጀመረ፤ ወደ ጠረፍ ስለሚጎርፉት ካሚዮኖች፣ ከየቤቱ ስለተጠሩት ወንዶች፣ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ሲጨርስ፣ “ወንድምህን ዛሬውኑ አስጠራው” አለ።

“እሺ፣ አስጠራዋለሁ” አለ ሀፊዝ፣ እያለቀሰ።