ዱብሮቭኒክን ለአባቴ ስቆጥር

ዱብሮቭኒክ የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ በዓይኔ ከማየቴ በፊት በቃሌ አውቃት ነበር። ዳዊት እንኳ እንደዚያ አድርጌ አልሸመደድኩም። ያስጠኑኝ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ባሕር አይተው የማያውቁት አባቴ ናቸው።

አባቴ በጉብዝናቸው ዘመን ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ከደባርቅ በቅሎና አህያ ጭነው፣ ጃናሞራን አቋርጠው እስከ በየዳ ይዘልቁ ነበር። እኔ ደባርቅ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር ንግዱን ትተውታል፤ የንግዱን ልማድ ግን አልተዉትም። ከቤታቸው ወጥቶ ወደማያውቀው አገር የሚሄድ ሰው፣ ሎሌም ይሁን የወንድም ልጅ፣ ከመነሳቱ በፊት ፊታቸው ቆሞ መንገዱን ይቆጥራል። የት እንደሚያድር፣ ውሃ የት እንደሚጠጣ፣ ወንዙን በየት በኩል እንደሚሻገር፣ በማን ስም ደጅ እንደሚጠራ አንድ በአንድ ይናገራል። አንድ ጊዜ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄድ ሰው፣ ጭነቱ ሁሉ ተጭኖለት ሳለ፣ ጨነቅ ከሚባለው ቦታ ወዲህ ያለችውን ምንጭ ሳይጠራ ዘለላት። አባቴ ጭነቱን አስወርደው ሰውየውን ሁለት ቀን አስቀመጡት። "በአፉ የረሳትን ምንጭ በእግሩም ያልፋታል" አሉ። ሰው ግትር ይላቸው ነበር። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከሚሉት አንዷ ነበርኩ።

ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ግንቦት፣ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስለ ጤና አጠባበቅ ትምህርት ሦስት ወር እንድሠለጥን ተመርጫለሁ፤ ቦታው ዩጎዝላቪያ፣ ዱብሮቭኒክ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ መልስ ካልሰጠሁ ዕድሉ ለሌላ ሰው ያልፋል። ከደብዳቤው ጋር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ተልካልኛለች፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈች፣ ለከተማዋ እንግዶች ምክር የያዘች። ሽፋኗ ላይ በግንብ የታጠረች ከተማ ባሕሩን ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ደብዳቤውን ይዤ እስከ ቤት በሩጫ ነው የሄድኩት፤ አስተማሪ መሆኔንም ረስቼ።

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተችና አባቴን አየት አድርጋ መልሳ ዘጋችው።

አባቴ እምቢ አላሉም። እምቢ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሟገታቸው ነበር፤ ሙግትን ከሳቸው ነው የወረስኩት። እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ "አገሩን ታውቂዋለሽ?" አሉኝ።

"አላውቀውም አባባ። ስሄድ አየዋለሁ።"

"እንግዲያ ሳትሄጂ እይው። መጽሐፍ አለሽ አይደል? የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ትቆጥሪልኛለሽ። ከቆጠርሽ መርቄ እሸኝሻለሁ። ካልቆጠርሽ ከቤትሽ ትቀመጫለሽ።"

ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ። ግን ያለ አባት ምርቃት ባሕር መሻገር በኔ ዘመን ደባርቅ ላይ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ተናድጄ ወጣሁ። ንዴቴ ግን ሙያ አለው፤ በዚያው ማታ መጽሐፏን ገልጬ ጀመርኩ።

እንደዚያች መጽሐፍ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። ወደቡ ከአሮጌው ከተማ ራቅ ይላል ትላለች፤ ከወደቡ ትራም ይያዛል፤ ትራሙ በምዕራቡ በር ፊት ያወርዳል። ከበሩ በላይ ከተማዋን በእጁ የያዘ የቅዱስ ሐውልት ይታያል። በበሩ ገብተው ሲያበቁ በቀኝ እጅ ክብ የውሃ ምንጭ አለ፤ መንገደኛ ሁሉ ከዚያ ይጠጣል። ከምንጩ ጀምሮ ቀጥ ያለው ጎዳና እስከ ሰዓቱ ማማ ይደርሳል። ሱቆች ቀትር ላይ ይዘጋሉ። የጎዳናው ድንጋይ በሰው እግር ተልጎ ለስልሷልና ጫማው የሚያንሸራትት አይሁን። የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ቀን ባሕሩ ይከፋል። እኔ የማርፍበት ቤት በግራ በኩል፣ ከአምስተኛው ቀጭን መንገድ ደረጃ ላይ ነው።

ተማሪዎቼ ሲሄዱ የክፍሉን ወለል ጠርጌ በጠመኔ ከተማዋን ሣልኳት። የከተማዋን በር ከክፍሉ በር አጠገብ፣ የሰዓቱን ማማ ጥቁር ሰሌዳው ሥር አደረግሁት። ከዚያ እየተራመድኩ እየጮኽኩ አጠናሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በመስኮት አይቶኝ አማተበ።

እሑዱ ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን ባለው ወይራ ሥር ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ አባቴ፣ የነፍስ አባታችን መምሬ፣ እና የአባቴ የድሮ የመንገድ ባልንጀራ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ። ሽማግሌው ገና ሳልጀምር፣ "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ በኛ ወንዝ ነው የሚሉት። ያኛው ማዶ የማይታየው ውሃ ስንቱን አስቆ ይሆን!" አሉ። እናቴ በጓዳ በኩል ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች።

ቆጠርኩ። ከደባርቅ ጎንደር በአውቶቡስ፣ ከጎንደር አስመራ ከአስመራ ሮማ በአውሮፕላን፣ ከሮማ ባሪ በባቡር፣ ከባሪ በመርከብ። ወደቡ ላይ አወረድኳቸው።

"ያ የምትይው ትራም ባይኖርስ?" አሉ አባቴ። ወንዝ ሞልቶ ቢያገኘው ሰው ሌላ መሻገሪያ ማወቅ አለበት፤ ይህን ጥያቄ ማንንም ሳይጠይቁ አይሰዱም።

"በእግሬ ነው አባባ። ከወደቡ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ጫፉ ላይ ስደርስ ባሕሩ በወዲያ በኩል እንደገና ይታያል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ በሩ ነው። አንድ ሰዓት አይሞላም።"

"ይህንንም ዳገት ይሉታል" አሉ ሽማግሌው።

የቅዱሱን ሐውልት ስጠራ መምሬ ቀና አሉ። "ከተማዋን በእጁ ይዟል ነው የምትዪን?" "አዎን አባ፣ ከነግንቧ።" "እህ፣ ጠባቂማ አላት" አሉና ወደ አባቴ ዞሩ። በቀኝ በኩል የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ስነግራቸው ጨርሰው የኔ ወገን ሆኑ። ምንጩን ጠራሁ። ቀትሩን ጠራሁ። ነፋሱን ጠራሁ። ደረጃውን ወጥቼ የማርፍበት ቤት በር ላይ ስቆም ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አንዲት ነገር አልዘለልኩም። ማሸነፌን አውቄዋለሁ፤ ፈገግታዬን መያዝ አቃተኝ።

"መልካም" አሉ አባቴ። "አሁን መልሺው።"

"ምኑን?"

"መንገዱን ነዋ። ከዚያ ከመኝታሽ ተነሺና እዚህ አምጪኝ።"

በሐሳቤ ከዚያ መኝታ ተነሳሁ። ደረጃውን ወረድኩና ጎዳናው ላይ ቆምኩ። ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? ምንጩ አሁን በየትኛው እጄ ነው? መርከቡስ በስንት ቀን አንዴ ይመለሳል? በዚያች መጽሐፍ እንዴት እንደሚገባ እንጂ እንዴት እንደሚወጣ የሚናገር አንድ መስመር የለም።

"መጽሐፉ አይልም" አልኩ።

"ሰው ሲሸኝ 'በሰላም ያውጣሽ' ተብሎ ይቀራል?" አሉ አባቴ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። "'በሰላም ያግባሽ' አይባልም? ግማሽ መንገድ ይዘሽ ነው የመጣሽው ልጄ።" ብለው ብድግ አሉ።

አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከእልህ ነው፤ ያን ያህል አጥንቼ፣ ያን ያህል ቆጥሬ! እናቴን፣ "መጀመሪያውኑ ሊልኩኝ አላሰቡም፤ ሰበብ ነው የሚፈልጉት" አልኳት። እናቴ እንጨቱን ወደ ምድጃው ገፋ አድርጋ፣ "አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ስንት ሰው እንደሸኘ ታውቂያለሽ። ሳይመለስ የቀረውን ግን ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አላውቅም ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ሳልወለድ ከሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ቆላው ወርዶ በዚያው ቀረ። ከዚያ በፊት አባቴ ሰው የሚያስቆጥሩት መሄጃውን ብቻ ነበር አለችኝ እናቴ፤ እኔ መመለሻው እስኪደርስ ቁጭ ብዬ ሰምቼ አላውቅም፤ ወንድማቸውም መሄጃውን አሳምሮ ቆጥሮላቸው ነው የሄደው።

ከዚያች ደቂቃ ወዲህ አልተናደድኩም። የሚያስፈራቸው ባሕሩ አለመሆኑን አወቅሁ። ሊሰሙ የፈለጉት ስመለስ ነው።

ሰኔ ሊያልቅ አንድ እሑድ ብቻ ቀርቶታል። ወለሉ ላይ ከተማዋን እንደገና ሣልኳትና ከሰዓቱ ማማ በኩል ጀመርኩ። መመለስ ሌላ መንገድ መሆኑን ያኔ ተማርኩ። ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ዳገቱ ቁልቁለት ይሆናል፤ ሲገቡ ከጀርባ የቀረው ሁሉ ፊት ለፊት ይመጣል። ሥልጠናው የሚያልቅበትን ቀን፣ የመርከቡን ቀን፣ የአውሮፕላኑን ቀን ጎንደር ድረስ ሄጄ ጠይቄ በወረቀት ያዝኩ። ከዚያ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። አባቴ ወረቀት አይሰሙም።

እሑድ፣ ወይራው ሥር፣ እነዚያው ሦስቱ።

"ከመኝታዬ እነሳለሁ" አልኩ። "ደረጃውን እወርዳለሁ። ጎዳናው ላይ ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ። ምንጩ አሁን በግራዬ ነው፤ እጠጣለሁ። በበሩ እወጣለሁ። ዞሬ ቅዱሱን እሰናበታለሁ።" መምሬ "ይበል" አሉ። ወደቡን፣ መርከቡን፣ ባሪን፣ ሮማን፣ አስመራን፣ ጎንደርን በየቀናቸው ቆጠርኩ። "በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ከጎንደር በአውቶቡስ እነሳለሁ። አምባ ጊዮርጊስን አልፋለሁ። ዳባትን አልፋለሁ። ደባርቅ እወርዳለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ታጥፌ የቅጥራችንን በር እገፋለሁ። እርስዎ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበትዎን እስማለሁ። መንገዱ እዚያ ያልቃል።"

አባቴ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ጓዳው ዞረው፣ "አንቺ፣ የልጅሽን ስንቅ አዘጋጂ እንጂ!" ብለው ጮኹ። የዚያን ጊዜ እናቴ ከግንቦት ጀምራ ያፈነችውን እልልታ ለቀቀችው።

ዱብሮቭኒክ ስደርስ አብረውኝ መርከብ ላይ የነበሩ ስድስት ሠልጣኞች ነበሩ፤ ሁሉም ከየአገራቸው ዋና ከተማ የመጡ። ወደቡ ላይ ወረድንና ትራሙን ጠየቅን። ትራም የለም! መጽሐፏ አሮጌ ኖራለች፤ ሐዲዱ ሥራ ካቆመ ከርሟል። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ የቆመው ሰው ብዛት ለጉድ ነው፤ የተቀበለን ማንም የለም። ባልንጀሮቼ ካርታ ዘርግተው ይጨቃጨቃሉ። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ወይራው ሥር መልሼዋለሁ። ሻንጣዬን አነሳሁና፣ "ተከተሉኝ" አልኳቸው።

ዳገቱን ወጣን። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው፤ ዳገት አይባልም። ባልንጀሮቼ ግን ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። ጫፉ ላይ ባሕሩ በወዲያ በኩል ብልጭ ሲል "ይኸውና!" ብዬ የጮኽኩት በአማርኛ ነው። ቁልቁል ወረድን። ከበሩ በላይ ቅዱሱ ከተማዋን ይዞ ቆሟል። ገባን፤ ምንጩ በቀኝ። አጎንብሼ ስጠጣ ውሃው በኛ አገር እንደ እሜት ጎጎ ተራራ ውሃ ጉንፋን የሚያስይዝ ቀዝቃዛ ነበር። አንዱ ባልንጀራዬ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። "ሁለት ጊዜ" አልኩት፤ "አንዴ ስሄድ፣ አንዴ ስመለስ።" አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ወደዚያች ከተማ የሚሄድ ቢኖር እነሆ ምክሬ። የጫማህ ሶል ሻካራ ይሁን፤ ጎዳናው እውነትም ያዳልጣል። የምትገዛውን ከቀትር በፊት ግዛ። ግንቡ ላይ በማለዳ፣ ባሕሩን በቀኝህ ይዘህ ዙር፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ትጨርሰዋለህ። ውሃህን ከምንጩ ጠጣ። ከሁሉ በፊት ግን መመለሻህን ቁጠር።

እኔ በቆጠርኩት ቀን፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት፣ ከጎንደር ተነሳሁ። አምባ ጊዮርጊስን አለፍኩ። አውቶቡሱ ዳባት ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። በመስኮት ሳይ ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ የተጫነች በቅሎ ልጓም ይዘው፣ የእያንዳንዱን መስኮት ፊት እየቃኙ ይመጣሉ። አባቴ ናቸው። ከደባርቅ ዳባት በዚያ ዕድሜያቸው አንድ ሙሉ ቀን ተጉዘው፣ ዘመድ ቤት ሁለት ሌሊት አድረው ነው የጠበቁኝ።

ዘልዬ ወረድኩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ፊታቸውን ግን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርገው፣

"አንድ ቦታ ተሳስተሽ ነበር" አሉኝ።

"የቱ ጋ አባባ?"

"ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል ብለሽ ነበር።"

ጉልበታቸውን የሳምኩት ዳባት ላይ ነው፤ ከቆጠርኩት ቦታ በፊት።