በማስቲሽ የተለጠፉ ፊቶች

ቀመሪያን አልወዳትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ሽሬ ለሰፈሩ ልጅ አደላ» እንዳትሉኝ ነው። እኔ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ካለው የአሮጌ መጋዘን ግንብ ሥር ጫማ እጠግናለሁ። አባቷ ኸባብ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ጫማው ሁሌም በእኔ እጅ ነበር የሚሰፋው። ልጅቷን ያወቅኋት ገና በሕፃንነቷ፣ መቀስ እንደያዘች ነው። አንድ ቀን የእናቷን አዲስ ድሪያ ቀሚስ ቆርጣ አሮጌ ካላንደር ላይ ለጠፈችና «ቤት ሠራሁ» ብላ ይዛው ወጣች። እናቷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሰፈሩን በሙሉ አሯሯጠቻት። ያን ቀን መቀሱን ጨርሰው ቢነጥቋት ኖሮ እኛም ባረፍን።

አልነጠቋትም። ተማረች፤ አርክቴክት ሆነች፤ ከዚራ በሚገኘው በኢንጂነር ዓለምሰገድ ቢሮ ተቀጠረች። ከዚራ ለእኛ ከወንዙ ማዶ ነው። ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ ዛፉ የተሰለፈ፣ ሰዉም እንደ ዛፉ የደረቀ። ፎቶዋ ያለበትን የቢሮ ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በግንቡ በኩል ስታልፍ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም እመልሳለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አንድ ባለሀብት ግንቡ ያለበትን መሬት በሊዝ ወሰደና ሕንፃ እንዲነደፍለት ለኢንጂነሩ ሰጠው። ኢንጂነሩ ቦታውን ለማየት የመጣው መቼ እንደሆነ ልንገራችሁ? በቀን ሰባት ሰዓት! ድሬ ውስጥ በሰባት ሰዓት ማን ውጭ ይገኛል? ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰዉ ምሳውን በልቶ፣ ጫት የሚቅመው ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ፣ ፍየል እንኳ መኪና ሥር ገብታ ነው። ሰውየው መኪናው ውስጥ በቀዝቃዛ አየር ተቀምጦ፣ መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ፎቶ አነሣና ሄደ። ፎቶው ላይ «ባዶ ቦታ» ብሎ እንደጻፈበት በኋላ ሰማን። ግንቡ ይፈርሳል፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ይቆማል። መስታወት፣ በድሬ ፀሐይ! ለባለሀብቱ የሚታየውን ምስል እንድትሠራ ያዘዘው ቀመሪያን ነው።

ቀመሪያ የዚህ አገር ልጅ ናትና «ባዶ ቦታ» የተባለው ውሸት መሆኑን አወቀች። ግንቡ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው። ጠዋት ጥላው በመንገዱ በኩል ይወድቃል፤ የሰፈሩ ሻጮች ሁሉ እዚያ ይደረደራሉ። ከቀትር ዕረፍት ሲመለሱ ጥላው ወደ ወንዙ ዞሮ ይጠብቃቸዋል፤ ዕቃቸውን ይዘው ከጀርባ ይቀመጣሉ። የእኛ ገበያ በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀመጥ ገበያ ነው። እሷም ጠዋት መጥታ ፎቶ አነሣች፤ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሳ በወንዙ በኩል አነሣች። ግን አንድም ሰው አላስፈቀደችም። የግመል ወተት የምትሸጠው ሂቦ ጀሪካን ያለቀለቀችበትን ውሃ እግሯ ላይ ደፋችባት። እኔም ደስ አለኝ።

«ምን ታደርጊበታለሽ?» አልኳት፣ ጫማዋን እያራገፈች ስታልፍ።

«እቆርጠዋለሁ፣ እለጥፈዋለሁ፣ አደር ሽሬ» አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ኮላዥ ይባላል። ሕንፃውን ከመንደፌ በፊት ቦታው ምን እንደሚል ማየት አለብኝ።»

«ቦታ አይናገርም። የሚናገረው ሰው ነው፤ ሰውን ጠይቂ።»

ካሜራዋን አንግታ ሄደች። ያኔ ብትሰማኝ ኖሮ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አይሆንም ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለገበያ በተመለስንበት ሰዓት አንድ ትልቅ ሰሌዳ በባጃጅ ጭና መጣች፤ ግንቡ ላይ አስደግፋ አቆመችው። «ነገ ለባለሀብቱ ይቀርባል። መጀመሪያ እናንተ እዩት ብዬ ነው» አለች። እውነቱን ልናገር፣ ሥራው ያምር ነበር። የደቻቱን አሸዋ ከብርጭቆ ወረቀት አድርጋዋለች። የግንቡን ድንጋይ ከጆንያ፣ የሻጮቹን ዳስ ከሽቲ ጨርቅ ቁራጭ። ጥላውን በጥቁር ስስ ወረቀት በሁለቱም ወገን ዘርግታዋለች፤ የጠዋቱም የከሰዓቱም አንድ ላይ ይታያል። ግንቡ ሳይፈርስ፣ ሕንፃዋ ከላዩ በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ሥሩ ክፍት ነው። ማንም ዕቃውን ይዞ ከጥላ ወደ ጥላ መሯሯጥ አይኖርበትም። እኔ እንኳ ከነማስቲሽ ቆርቆሮዬ እዚያው ነበርኩ፤ ጎንበስ ብዬ ጫማ ስጠግን፣ ጀርባዬ ብቻ ይታያል።

ሂቦ ሰሌዳውን ተጠግታ አየች። ምሰሶው ሥር የራሷን ቢጫ ድሪያ አወቀችው፤ ጀሪካኗንም አወቀችው። ከአንገት በላይ ግን ምንም የለም። አጠገቧ ቲማቲም ሻጯም፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ሴቶቹ በሙሉ አንገታቸው በመቀስ ተቆርጧል።

«ናያ! አንቺ ልጅ! አንገቴን ቆረጥሽው?» ብላ ጮኸች።

«ኤዶ ሂቦ፣ አክስቴ፣ ዋላሂ ለክብራችሁ ብዬ ነው! ፊታችሁ የማታውቁት ወንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል ብዬ...»

«ለክብሬ? ሰውነቴ ሲሰቀል ክብር፣ ፊቴ ሲሰቀል ነውር? ጭንቅላት ለሌለው ሰው ማን ከቦታው አይነሣም ብሎ ይከራከርለታል? ፊት የለው፣ ስም የለው፣ ጠርጎ መጣል ነው! እናትሽንም እንዲህ ትቆርጫታለሽ?»

ሴቶቹ ከበቧት። ሶማሊኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው ተደበላለቀ፤ በሦስቱም ቋንቋ ስድብ ነበር። ቀመሪያ ሰሌዳዋን በደረቷ ለመከለል ሞከረች። ከእኛ ይልቅ ለሰሌዳው ያሰበች መስሎኝ የበለጠ ተናደድኩ። ሂቦ ግን ሰሌዳውን አልቀደደችም። ቦርሳዋን ከፍታ ለመታወቂያ ከተነሣችው የተረፈ ጉርድ ፎቶ አወጣች።

«ሽሬ፣ ማስቲሽ አምጣ!»

አመጣሁ። በደስታ አመጣሁ። ሌሎቹም ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ የሌላት ቤቷ ሮጠች። ቀመሪያ «ነገ ይቀርባል፣ አትንኩብኝ» ብላ ለመነች፤ የሰማት የለም። የሂቦ ጉርድ ፎቶ ከተቆረጠው ሰውነቷ በብዙ ይበልጣልና አንገቱ ላይ ሲለጠፍ የሕንፃውን ፊት ግማሹን ሸፈነው። ሌሎቹም እንዲሁ። ያ የሚያምር ሥራ ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ ካሜራ በሚያዩ ኮስታራ ሴቶች ተሞላ።

«ነገ ፊቴ ወደሚሄድበት እኔም እሄዳለሁ» አለች ሂቦ። ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተም ትመጣለህ» አለችኝ።

በማግስቱ ከዚራ ሄድን። ባለሀብቱ ፕላን ማንበብ አልችልም፣ በምስል አሳዩኝ ብሎ ስለነበር ኢንጂነር ዓለምሰገድ ያለ ቀመሪያ ሰሌዳ የሚያቀርበው ነገር አልነበረውም። ባለሀብቱ በተቀመጠበት ሰሌዳውን ሲያየው የኢንጂነሩ ፊት ቀላ።

«ይሄ ምንድነው? ግንቡ ይፈርሳል አላልኩም? ደግሞ የመታወቂያ ማኅደር ነው? አንሺልኝ እነዚህን!»

ቀመሪያ በር ላይ የቆምነውን እኔንና ሂቦን አየችን። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት መቁረጫ ምላጭ ነበር። እጇን ሰደደች፤ መልሳ ሰበሰበችው። እንጀራዋ በዚያች ምላጭ ላይ እንደተንጠለጠለ እሷም እኔም አውቀናል።

«አላነሣም፣ ኢንጂነር። ሰዎቹ እዚያ ናቸው» አለች።

«ባዶ ቦታ ነው ያልኩት እኔ ነኝ! አንቺ ማነሽ?» ብሎ ምላጩን ራሱ አነሣና የሂቦን ፎቶ በጥግ በኩል ይፍቅ ጀመር። የቢሮ ኮላ መስሎታል። የጫማ ሶል የያዘ ማስቲሽ በምላጭ አይለቅም። ሲብስበት ምላጩን ጣለና ፎቶውን ይዞ ጎተተው። ወረቀቱ ተቀደደ፤ ፎቶው ሲነሣ ሕንፃው አብሮ ተነሣ። የሂቦ ፊት በእጁ ቀረ፤ ከጀርባው የሕንፃው ፊት ተጣብቋል። ሰሌዳው ላይ የቀረው ቀዳዳ ነው።

ባለሀብቱ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ሂቦ ከበሩ ተነሥታ እስከ ጠረጴዛው ሄደች፤ መዳፏን ዘረጋች።

«ፊቴን መልስ።»

ሰጣት፤ ሌላ ምን ያደርጋል? ከነሕንፃው ጡቷ ሥር ወሸቀችውና ወጣች። ባለሀብቱ ኢንጂነሩን አየው። «ባዶ ነው ያልከኝ ቦታ ባለቤት ነበረው። ከነዚህ ሴቶች ጋር ሳትስማማ ፕላን ይዘህ እንዳትመጣ» አለው። ለእኛ አዝኖ አይመስለኝም፤ ሂቦን አይቶ ጠቡ እንደማያዋጣ ገብቶት ነው። ኢንጂነሩም አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ቀመሪያን እዚያው አባረራት።

የዚያኑ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ በወንዙ በኩል ተቀምጠን ሳለ መጣች። የተቀደደውን ሰሌዳ ተሸክማለች፤ ባጇ አንገቷ ላይ ነው፤ ማውለቁን ረስታዋለች። ጥላው ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበርና ፀሐዩ ላይ ቆመች። ማንም ሰላም አላላትም። እኔም ቀና ብዬ አየኋትና ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። አሁንም አልወዳትም ነበር።

ሂቦ ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ ወደዚህ፤ ጭንቅላትሽ ይቃጠላል» አለቻት፣ በቁጣ።

ቀመሪያ ተቀመጠች። ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሂቦ ከጡቷ ሥር የተቀደደውን አወጣችና ቀዳዳው ላይ ገጥማ አየችው። ገጠመ። ከዚያ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር መረመረችው፤ የፈለገችውን አላገኘችም።

«ሁላችንም አለን። ያንቺስ ፊት የት አለ?»

ቀመሪያ ባጁን ከአንገቷ አወለቀች። መቀሷን አውጥታ የኢንጂነሩን ማኅተም ቆርጣ ጣለችና ፊቷን ብቻ አስቀረች። ከሂቦ ፊት ጎን አስጠግታ ያዘችው። ማስቲሹን እኔ ቀባሁላት፤ በደንብ አድርጌ፣ ማንም እንዳያነሣው።