የመንጌው ዜሮ

ሌላው ሰው ዜሮ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን የሆነ ነገር ይሸተኛል። ሥራዬ አሶሳ ባለው የክሊኒካችን ዋና ሰርቨር ላይ የተጻፈው የታካሚ መረጃ መንጌ ቅርንጫፋችን ወዳለው ቅጂ በጊዜው መድረሱን መከታተል ነው። ዛሬ ቅጂው በሕይወት እንዳለ የማምነው አሶሳ በየሰከንዱ የሚጻፈው ሰዓት እዚያም ደርሶ ሳነበው ብቻ ነው። ድሮ ግን የምናየው አንድ ቁጥር ነበር፦ ቅጂው ስንት ሰከንድ ወደ ኋላ እንደቀረ።

ያን ቀን ቁጥሩ ከጠዋት ጀምሮ ዜሮ ላይ ተተክሏል። ለምሳ ልነሳ ስል ዶክተሩ ሳያንኳኩ ገቡ።

«በማለዳ ያየኋት ነፍሰ ጡር እዚያው መንጌ ፔኒሲሊን እንድትወጋ አዝዤላት ተመልሳለች። አሁን እህቷ መጥታ ‹ይኼ መድኃኒት ባለፈው ሊገድላት ነበር› አለችኝ። ሲስተሙ ላይ ቀይሬዋለሁ። እዚያ ደርሷል?»

«አዎ» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዋጥኩት። ያ ዜሮ ንቅንቅ አለማለቱ አላማረኝም። በሞባይል ኢንተርኔት የመንጌውን ቅጂ ከፍቼ መጨረሻ የገባውን መረጃ ፈለግኩ። የጠዋቱ ሁለት ሰዓት! እኛ ወደ ሰባት እየተጠጋን ነው። ቅጂው የደረሰውን ሁሉ ጽፎ ስለጨረሰ «ዜሮ» ይላል እንጂ ከሁለት ሰዓት ወዲህ ምንም አልደረሰውም። የማለዳው የፔኒሲሊን ትእዛዝ ገብቷል፣ ለውጡ ግን አልገባም። መስመሩ ሞቷል፤ እሱ ግን አያውቅም።

ወደ መንጌው ነርስ ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» የምትለዋን ሴትዮ በአካል ባገኛት ፀጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር። ስልኩን ለዶክተሩ ሰጠሁና የመረጃውን መስመር ቆርጬ እንደገና አስጀመርኩት።

ዜሮው ጠፍቶ ትልቅ ቁጥር ብቅ አለ። ቢያንስ ይኼኛው እውነቱን ይናገራል። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ ግን የግማሽ ቀን መረጃ ተጠራቅሞ በየተራው ነው የሚጻፈው፣ የነፍሰ ጡሯ ለውጥ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ተራ ማስዘለል አይቻልም።

«አንቺ፣ አይፈጥንም እንዴ?» አሉ ዶክተሩ፣ ክፍሉን እየተመላለሱበት።

«ዶክተር፣ እባክዎ ይቀመጡ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሌላ ቀን ቢሆን አልደፍርም። ተቀመጡ፣ እንደገና ደወሉ፣ እንደገና።

በመጨረሻ ጠራ። ድምፁን ከፍ አደረግነው።

«አትውጋት!» አሉ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ።

«አልወጋሁም» አለ ነርሱ። የቤርታ ልጅ ነው፤ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ነው፣ ስለ ሴትም ሲያወራ እንደ ወንድ ነው። «መርፌ ተዘጋጅቷል። ግን ሴትዮዋ ‹መጀመሪያ ልስገድ› አለኝ። ሶላት ላይ ነው።»

«ስክሪንህን እያየህ ቆይ» አልኩት። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ሆነ። አላመንኩትም።

«አንብብልኝ፣ ጮክ ብለህ!»

«መጣ፣ እህቴ። ፔኒሲሊን ጠፋ፣ ሌላ ተጽፏል።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ዶክተሩም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በስልኩ ውስጥ የበር ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ አንዲት ሴት በቤርታ ቋንቋ ለስለስ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኩት።

«‹ስላስጠበቅኩህ ይቅርታ› ይላል» አለኝ።