የደስታዬ ቀን የማን ለቅሶ ነበር?

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ነው። ዓይኔ ድኗል፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ሶዶ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ የለመድኩትን መነጽር ለመገላገል ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ በሌዘር ታከምኩ። ጥሩ ማየት ጀምሬ ነበር። በኋላ ግን ከሻንቶ ገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት የያዙት ሸንኮራ አገዳ ባጃጇ ስትነጥር ቀኝ ዓይኔን ወጋኝ። ቁስሉ አመረቀዘ። ሲድንም ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ጥሎብኝ ሄደ። በዚያ ዓይኔ ከጭጋግ በቀር የማየው ጠፋ።

አዲስ አበባ ያለችው ሐኪሜ፣ ብሌኑ በፊተኛው ሌዘር ስለሳሳ ጠባሳውን እንደገና በሌዘር መፋቅ እንደማይቻል ነገረችኝ። የቀረው ንቅለ ተከላ ነው። ከሞተ ሰው የተለገሰ ብሌን ሲገኝ እንደሚደወልልኝ ነግራ ሸኘችኝ።

የጸሎት ቡድናችን ቶሎ እንዲገኝልኝ ይጸልይ ነበር። እኔም አሜን እላለሁ። አንድ ቀን ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ የለቅሶ ድንኳን አይቼ፣ "የእኚህ ሰው ዓይን ይሆንልኝ ይሆን?" ብዬ አሰብኩ። በራሴ ደነገጥኩ። ስልኬን ግን ከእጄ አልለየሁም።

የተደወለልኝ ከእናቴ ጋር ጎደሬ ስንልጥ ነው። ብሌን ስለተገኘ ነገውኑ እንድደርስ ነገሩኝ። ብድግ ብዬ እልል አልኩ። እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ በወላይትኛ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ማን ሞቶ ነው ልጄ?"

ገብቼ ልብሴን ሸከፍኩ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ጠባሳ ያለበትን አውጥተው የተለገሰውን በቀጭን ክር ሰፉልኝ። መጀመሪያ ብዥ ይልብኝ ነበር፤ እያደር ጠራ። የለጋሹን ስም ብጠይቅ አይነገርም አሉኝ።

ስመለስ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድሰጥ ጠሩኝ። "ጸሎታችሁ ተሰማ" ልል ነበር የቆምኩት፤ ያልኩት ግን ሌላ ነው።

"የዚህ ዓይን ባለቤት ቤተሰቦች ሐዘን ላይ ናቸው፤ ለእነሱ ጸልዩላቸው" ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰዎች ቤተሰቡን ባገኝ ምን እንደምል ይጠይቁኛል። እንደማመሰግናቸው እነግራቸዋለሁ። ከምስጋናው በፊት ግን፣ ያን ሞት ስጠብቀው እንደነበር መንገር ያለብኝ ይመስለኛል።