የቀረችው «ም»

ቡሬ፣ የዘር ማከፋፈያው ደጅ፣ ሰው ጭጋግ ውስጥ ተሰልፎ ያንቀላፋል። በሩ ላይ የተሰቀለው ስክሪን «የለም» ይላል። የጻፍሁት ፕሮግራም ፊደሎችን ሦስት ቦታ ባለው ጊዜያዊ ቋት እየተቀበለ ነው የሚያሳየው። በመጨረሻ አንድ ከረጢት የበቆሎ ዘር ተገኘና «አለ» ብዬ ላክሁ። ሁለቱ አዳዲስ ፊደሎች ሁለቱን አሮጌዎች ተኩ። ቋቱን ማጽዳት ረስቼ ኖሮ የ«የለም» መጨረሻ «ም» እዚያው ቀረች፤ ስክሪኑ ላይ «አለም» የሚል ወጣ።

ከሰልፉ ጫፍ አንዲት እናት ተነሡ።

«አቤት። አለም እኔ ነኝ፤ ከሽንዲ ነው የመጣሁት።»

ሰዉ በእንቅልፍ ልቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ስህተት መሆኑን ልናገር አፌን ስከፍት ከረጢቱን አቅፈውታል።

አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ የጠራኸው እኔን ነው። አለሙ ነኝ፤ ‹ሙ›ን ‹ም› አድርገህ ጻፍኸው እንጂ።»