ጭራው የተቆረጠ ሊንክ

ዋርሳዬን አልወደውም። ባሌም ያውቅ ነበር፤ «ወንድሜን እኮ ነው የምታሚው» ብሎ ይስቃል እንጂ አይቀየመኝም። ዋርሳዬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ ይላል። መርሳ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴን ስከፍት ላፕቶፑን ገዝቶ ያመጣልኝ እሱ ነው፤ ውስጡን በኮተት የሞላውም እሱ ነው። ማሽኑን ባበራሁ ቁጥር፣ አንድ ፊደል ሳልመታ፣ እሱ የጫናቸው ፕሮግራሞች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። አንዱ ኮምፒውተርሽን ላጽዳልሽ ይላል። አንዱ የማላውቀውን አገር የአየር ጠባይ ይነግረኛል። ሌላው ሊንክ በከፈትኩ ቁጥር ቆይ መጀመሪያ ልመርምረው ይላል። አንዱ ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለነሱ ነው። ደንበኛ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ቆሞ ሲጠብቀኝ እኔ የማንም መስኮት ስዘጋ እውላለሁ።

ባሌ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ጦርነቱ ቆቦን አልፎ ወደ ወልድያ መጠጋቱ ሲሰማ መኪናው ወልድያ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ነበር። እኔን ከነላፕቶፔ ሐብሩ ገጠር፣ ማሽላቸውን እሱ ሲጭንላቸው የኖረ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት አደረሰኝና «መኪናዬን አውጥቼ ነገ እመጣለሁ» ብሎ ተመለሰ። በነጋታው መንገዱ ተዘጋ። ስልክም ጠፋ።

ሽማግሌው ላፕቶፑን በላስቲክና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ባዶ የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ከተው አፉን በአፈር ደፈኑት። «አባባ፣ ያገኙት ይሆን?» ብላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይኸን ጉድጓድ አባቴም እህል ከቶበታል፤ በደርግ ጊዜም አልተገኘ። አብሽሪ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ፍተሻ መጥቶ ስማርት ስልኬን ወሰዱብኝ፣ ፍየል ነዱ፣ ጉድጓዱን ግን ረግጠውት አለፉ።

መርሳ ነጻ ወጣች ተብሎ ስመለስ ሱቄ በር አልነበረውም። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተወስዷል፤ ሊወሰድ ያልቻለው ተሰብሯል። ላፕቶፑን ከጉድጓድ አውጥቼ ይዤ ስገባ ደግሞ «የሷ ብቻ እንዴት ተረፈ?» የሚል ወሬ ተነሳ። ሸሽተው አዲስ አበባ የከረሙት ሲመለሱ እኛን የቀረነውን የሚያዩት ከጠላት ጋር ገበታ የቀረብን አድርገው ነበር። አንዷ የድሮ ደንበኛዬ ፊት ለፊቴ «አንቺማ ምን ጎደለብሽ» አለችኝ። ባሌ ነዋ የጎደለብኝ! ይህን ብዬ ጮህኩባት፤ ከዚያ ወዲያ ሱቄን አልረገጠችም።

ስልክ ሲመለስ ያገር ልጆች ወሬ የሚቀባበሉበትን የኢሜይል ግሩፕ ሙጥኝ አልኩ። ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከውርጌሳ ወጥተው አዲስ አበባና ጅዳ የተበተኑ ዘመዶችና ጎረቤቶች ናቸው። ድሮ የሰርግ ፎቶ ይላላኩበት ነበር፤ አሁን የጠፋ ሰው ፍለጋ ብቻ ሆነ። የኔ ሥቃይ ሊንካቸው ነው። ረጅም ሊንክ ኢሜይል ውስጥ ሲለጠፍ መስመሩ ሲያልቅ ይታጠፋል፤ ሰማያዊ ሆኖ የሚከፈተው የላይኛው ቁራጭ ብቻ ነው፣ የታችኛው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። እነሱ ግማሹን ይጫኑና «አይሠራም» ብለው ይጮኻሉ። የታችኛውን ገልብጣችሁ ባዶ ቦታ ሳትተዉ ከላይኛው ጫፍ ጋር ግጠሙት ብዬ ስንቴ እንደጻፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከሁሉም የባሰው ዋርሳዬ ነበር፤ የሱ ሊንክ ሦስት መስመር ካልሞላ ደስ አይለውም። በሰው ፊት ሰድቤዋለሁ።

መብራት ገና አልመጣም ነበር። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ጄኔሬተሩን ሲያስነሳ ገመድ ያቀብለኛል፣ ከስልኩም ኢንተርኔት ያካፍለኛል። የላፕቶፑ ባትሪ ጉድጓድ ውስጥ ሞቷል፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቤንዚን እንደ ጠበል በጠርሙስ በሚሸጥበት ሰዓት እነዚያ ፕሮግራሞች ቀድመውኝ ይነሱና ራሳቸውን ለማደስ ኢንተርኔቱን ይጠጡታል። ጦሩ በር ነቅሎ ሲሄድ እነሱን አልነካም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ከዋርሳዬ መልእክት ገባ። «ዘመዶች፣ ይህን ተመልከቱና እኔን አናግሩኝ» ይላል። ከሥሩ ሊንክ አለ። ተጫንኩት። ገጹ አልተገኘም። የታችኛውን ቁራጭ ልገጥም ፈለግሁ፤ የታችኛው የለም። ሊንኩ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል።

ልቤ ከባሌ ወሬ ሌላ የሚያስበው አልነበረውም። ይህን ያደረገው የዋርሳዬ መርማሪ ፕሮግራም ነው፣ እሱ ነው ጭራውን የበላብኝ አልኩና እጅጌዬን ሰብስቤ በፕሮግራሞቹ ሁሉ ላይ ተነሳሁባቸው።

ሽማግሌው ገበሬ ያን ዕለት ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ገበያ መጥተው የሸጡትንም የገዙትንም አላየሁም። ሻይ ባዝዝላቸው አልጠጡም።

«ምን እያረግሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሳልጠራቸው የሚመጡትን እያባረርኩ ነው አባባ።»

«ማን ጠራቸውና መጡ?»

«የባሌ ወንድም ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል?»

መቁጠሪያቸውን አወጡ። ማሽኑ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን አንድ በአንድ አጠፋሁ፣ ከዚያም ከነሥራቸው ነቀልኳቸው። ማጽጃው ሲወጣ በእንግሊዝኛ ስለተለያየን አዝነናል የሚል ጽሑፍ አወጣብኝ። እዘን፣ አልኩት ጮክ ብዬ። ሽማግሌው «ተዪው ዛሬ፤ ነገም ቀን ነው» አሉኝ። «ቤንዚኑ ያልቃል!» ብዬ ገላመጥኳቸው፤ በተጠለልኩባቸው ወራት እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም። ቀና ብለው አዩኝና መቁጠሪያቸውን ይዘው ወጡ።

ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ወዲያው ተነሳ፤ ማንም አልቀደመኝም። ሊንኩ ግን ያው ነው፣ ጭራ የለውም። ለካ ሲላክም ተቆርጦ ነው የተላከው። ንዴቴ ጣሪያ ነካ። ለግሩፑ ሁሉ ጻፍኩ፦ «ይህን ሊንክ ሙሉውን ያገኘ ይላክልኝ። ላኪው ዛሬም እንደ ልማዱ አበላሽቶታል። ስንት ዓመት ልንገረው?»

ያ ለአንድ የሞት ወሬ ሃያ ሰው የሚመልስበት ግሩፕ ጭጭ አለ። ጠበቅሁ። በመጨረሻ ጅዳ ካለች የማላውቃት ሴት አንድ መልስ መጣ፦ «አብሽሪ እህቴ።»

አብሽሪ! ለሊንክ አብሽሪ ይባላል? ሳቄም ንዴቴም አብሮ መጣ። ስማርቱ ከተወሰደብኝ ወዲህ የያዝኳትን ትንሿን ስልኬን አንስቼ ዋርሳዬ ጋ ደወልኩ። ጠራ፣ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጋው። ጄኔሬተሩ ጠፋ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔ ግን ሆዴ የሚያውቀውን እንዳልሰማው ቤቴ እስክገባ እሱኑ ስሰድብ አመሸሁ።

ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ዋርሳዬ ራሱ ቆሟል፤ አዲስ አበባ ነው ያልኩት ሰው ማታውን መንገድ ላይ ነበር። በቃ ሌላ አልታየኝም።

«አንተ! ጭራውን የት ጣልከው?» አልኩት። «ግማሽ ሊንክ ይላካል? ምን አይነት ሰው ነህ?»

የነጠላውን ጫፍ ጨበጠ። ያን ጊዜ ነው ነጠላው መዘቅዘቁን ያየሁት። ከኋላው የደብራችን ቄስ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሰፈር ሴቶች ቆመዋል። ሽማግሌው ገበሬ ሌላውን ሰው በክንዳቸው ገፍተው ወደፊት መጡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።»

ባሌ ሐራ አካባቢ ነው የተገኘው። ዋናው መንገድ ሲዘጋበት በዚያ ሊዞር ሞክሮ ነበር። ገበሬዎች ቀብረውታል፤ አንዱ የመኪናውንና የመቃብሩን ፎቶ አንስቶ የጠፉ ሰዎች የሚፈለጉበት ገጽ ላይ አውጥቶታል። ዋርሳዬ ፎቶውን አየ። የወንድሙ መኪና መሆኑን ዘመድ እንዲያረጋግጥለት ፈለገ፤ ዘመድ ሁሉ ያለው ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ነው፣ እኔም አለሁ። ስለዚህ ሊንኩን ቆረጠው። ጭራውን ማየት ለሚገባቸው ሲደውሉለት ፊደል በፊደል ነገራቸው። እኔ እንደ ልማዱ ተበላሸ ብዬ ሰድቤው እንደማልፍ ያውቅ ነበር።

«መርዶ በኢሜይል አይነገር፣ በስልክ አይነገር» አለኝ ለቅሶው መሐል። «ምን ላድርግ እታለም? አንቺ ደግሞ ማንኛውንም ሊንክ ትገጥሚያለሽ።»

በለቀስተኛው ፊት ሰደብኩት። ባሌን ከኔ በፊት አገሩ ሁሉ ቀብሮታል፤ ጅዳ ያለችው ሳትቀር። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

ከአርባው በኋላ ጭራውን ስጠኝ አልኩት፤ በመልእክት ላከልኝ። የላይኛው ቁራጭ ላፕቶፑ ውስጥ አለ፣ የታችኛው እስካሁን ትንሿ ስልኬ ውስጥ ነው። መብራት መጥቷል። ማሽኑ በአንዴ ይነሳል፣ የሚቀድመኝም የለም፤ ሰዎች የተሰበረ ሊንካቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እገጥምላቸዋለሁ።

ዋርሳዬ በየሳምንቱ ይደውላል። ሰላምታውን አብዝቶ አብዝቶ በመጨረሻ «ከፈትሽው?» ይለኛል።

«ሊንክህ አይሠራም» እለዋለሁ።