በግራ ይቀመጡ

የፍኖተ ሰላሙ ጨርቅ ነጋዴ በድሩ ዱሮ ቁጥብ ሰው ነበር፤ አውሮፕላን እስኪሳፈር ድረስ ነዋ! አንድ ጊዜ ሸቀጥ ሊያመጣ አዲስ አበባ በመኪና ሄዶ፣ መንገዱ ቢዘጋበት እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ወሬውን ሳይሰማ አይሄድም። በግራ መስኮት ተቀምጦ ዳሞትን ቁልቁል እንዴት እንዳየው ሲያወራ ይውላል። በሚኒባስ ቡሬ የሚሄደው ሁሉ እየመጣ በየት በኩል ልቀመጥ እያለ ያሾፍበታል። እሱ ምን ገዶት!

ጎረቤቱ እትዬ ሀብትነሽ ግን አላሾፉም። ዳሞት ውስጥ፣ ፈረስ ቤት ከተማ አጠገብ ተወልደው፣ ተድረው፣ ባላቸውን እዚያው ቀብረው ነው ልጃቸው ያምሮት ዘንድ የመጡት። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ሐኪም አዲስ አበባ ይታከሙ አለ፤ ላይድን እንደሚችልም አልሸሸገም። ያምሮት ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ልትወስዳቸው ስትነሣ፣ እሳቸው ወደ በድሩ ሱቅ መጡ።

«አገሬን አንድ ጊዜ ልየውና ከዚያ ቢጨልምም ይጨልም። በየት ልቀመጥ?»

በድሩ ደረቱን ነፋ። «በግራ ይቀመጡ፣ እትዬ። ማንም ቢለምንዎ እንዳይለቁ።»

ሕክምናው ሳይሳካ ተመለሱ፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር የቀራቸው የለም። ያምሮት ሱቅ ብቅ ብላ ሁሉን ነገረችው። ለካ ሲሄዱ የደረሳቸው ቦታ ቀኝ መስኮት ነበር። እናቷ በስንት ልመና በግራ ከተቀመጠ ሰውዬ ጋር ተቀያየሩ። በግራ አንድም የሚያውቁት ነገር ሳያዩ፣ ሰውዬው ከወዲያ ሆኖ ዳሞት እንዴት ጥርት ብሏል እያለ ያደንቅ ጀመር። ተነሥተው እስኪደርሱ አልፏል።

በድሩ ሜትሩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እሱ ያየው እኮ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ነው! በቀን አምስት ጊዜ ወደ ቂብላ ዞሮ የሚሰግድ ሰው፣ ሲዞሩ ግራው ቀኝ እንደሚሆን እንዴት ይጠፋዋል? መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከዚያ ወዲያ በእትዬ ሀብትነሽ ደጅ ማለፍ እያፈረ፣ በጓሮ በኩል ዞሮ ወደ ሱቁ ይገባ ጀመር።

በመጨረሻ ሐፍረቱ እንቅልፍ ቢነሣው ወደ ቤታቸው ሄደ። በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ጥፋቱን አንድም ሳያስቀር ተናገረ፤ ይቅርታም ለመነ።

«አውቄዋለሁ እኮ፣ ልጄ» አሉት። «ሰው ሲጠይቀኝ ግን በድሩ እንዳለኝ አየሁ እላለሁ። ገበያተኛው እንዳይስቅብህ ብዬ ነው።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አንገቱን ደፋ።

«ይልቅ አንተ አገሬን በደኅና ዓይንህ አይተኸዋልና ንገረኝ። የደብራችን ዛፎች አሉ? የያምሮት አባት ያረፈው እዚያ ነው።»

ስንቱን በወሬው ሲያደነቁር የኖረው በድሩ መዋሸት ይችል ነበር፤ ዛፍ የሌለው ደብር የት አለና! አሮጊቷ ግን አንገታቸውን ወደ እሱ አስግገው ይጠብቃሉ።

«አላየሁም፣ እትዬ» አለ። «ከዚያ ሁሉ አገር የሱቄን ቆርቆሮ ጣሪያ ነው ስፈልግ የነበረው።»